ጥያቄው ከተረኛዋ ይነሣ፦ የዋርድ ነርሶችን ወደ ማስረጃ ኮሚቴ እንዴት እንዳመጣናቸው

በእኛ የቀዶ ሕክምና ዋርድ የነርሶች ጠረጴዛ ላይ፣ ከመድኃኒት መዝገቡ አጠገብ፣ ስክሪብቶ በክር የታሰረበት ሰማያዊ ደብተር አለ። ሽፋኑ ላይ በትልቁ «ይህን ለምን እናደርጋለን?» ተብሎ ተጽፏል። በሆስፒታላችን በማስረጃ ላይ የተመሠረተ አሠራርን፣ ማለትም በልማድ ሳይሆን በጥናት በተረጋገጠው መሠረት መሥራትን፣ የሚያስተባብረው ኮሚቴ በእግሩ የቆመው በዚህ ደብተር ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እንዲህ ያለ ኮሚቴ አቋቁማችሁ ታካሚ አጠገብ የሚውሉትንና የሚያድሩትን ነርሶች ማምጣት ላቃታችሁ የዋርድ ኃላፊዎች፣ ሜትሮኖችና የጥራት ክፍል ባልደረቦች ነው። እኔንም ከአንድ ዓመት በላይ አቅቶኝ ነበር።

ነርስ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ 17 ዓመት ሞላኝ። በዲፕሎማ ተቀጥሬ፣ በክረምት ትምህርት ዲግሪዬን ይዤ፣ አሁን በአንድ አጠቃላይ ሆስፒታል የዋርድ ኃላፊ ነኝ። ከዚህ በታች የማካፍላችሁ በሥራ ላይ ያየሁትን፣ የተሳሳትኩትንና ያስተካከልኩትን ነው።

የመጀመሪያውን ኮሚቴ ያቋቋምነው በደብዳቤ ነበር። ቁጥር የተሰጠው፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ለየክፍሉ ተበተነ። የመጡት የክፍል ኃላፊዎች ብቻ ነበሩ። ስለ ማስረጃ ምንነት ገለጻ ተደረገ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ተበተንን። በሁለተኛው ስብሰባ ከግማሽ በታች ተገኘን፤ ሦስተኛው በስልክ ተራዘመና በዚያው ቀረ። ያን ጊዜ ነርሶቹን «ለሙያቸው ደንታ የላቸውም» ብዬ አማኋቸው። ዛሬ በዚያ አባባሌ አዝናለሁ፤ ምክንያቱም ቆይቼ አንድ በአንድ ስጠይቃቸው የነገሩኝ ሁሉ እውነት ነበር።

አንዷ «ሲስተር፣ ጥናት የሚባለውን እኮ አውቀዋለሁ፤ የማስተርስ ተማሪዎች መጥተው መጠይቅ ያስሞሉናል፣ ከዚያ አይመለሱም» አለችኝ። ስንት መጠይቅ እንደሞላች ቆጥራ አታውቅም፤ የአንዱን እንኳ ውጤት ግን ተመልሶ የነገራት የለም። ሌላው ባለ ዲፕሎማ ነው፤ ኮሚቴው ለባለ ሁለተኛ ዲግሪዎች የተዘጋጀ መስሎት ነበር። ሦስተኛዋ ሌሊቱን ስትሠራ አድራ ጠዋት እንድትሰበሰብ መጠራቷ አስከፍቷት ነበር። አንድ ጎልማሳ ባልደረባዬ ደግሞ ለስብሰባው አበል እንደሌለ ሲያውቅ እንደቀረ ሳይደብቅ ነገረኝ። ይህንንም አልፈርድበትም። ከከተማ ውጭ በሆቴል በሚደረግ ሥልጠና ሰዎች አበል እየተከፈላቸው በሚሳተፉበት አገር፣ የራሱን የእረፍት ሰዓት በነፃ ስጥ ሲባል ሰው ሥራው እንደተናቀ ይቆጥረዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፦ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት በየዋርዱ ዙሩ፤ በሻይ ሰዓት ቁጭ በሉና ለምን እንደማይመጡ ስሙ። ምላሽ አትስጡ፣ አትከራከሩ፤ ጻፉት ብቻ። እኔ ይህን ለማድረግ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ስሙንም የቀየርነው ያን ጊዜ ነው። ደብዳቤው ላይ «ምክር ቤት» የሚል ነበረበት፤ ቃሉ ለእኛ ሰው የሚያስታውሰው ቀበሌንና ወረዳን እንጂ የታካሚ አልጋን አይደለም። «የማስረጃ ኮሚቴ» ብንለው ሁሉም ገባው።

ደብተሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጥያቄ ለመጻፍ ስም አያስፈልግም፣ ፊርማም የለም፤ ዋርዱና ቀኑ ይበቃል። ስም እንዳይጻፍ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የእኛን ይሉኝታ ታውቁታላችሁ፦ ገና ሁለት ዓመት የሠራች ልጅ የሃያ ዓመት ልምድ ባላት ታላቋ ፊት «ይህ አሠራር ትክክል ነው ወይ?» ብላ አትጠይቅም። ብትጠይቅ እንደ ድፍረት ይቆጠርባታል። በደብተር ላይ ግን ትጽፋለች። በመጀመሪያው ሳምንት ባዶ ነበር። ዝም ብለው እንዳያልፉት እኔ ራሴ ለዓመታት የከነከነኝን አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፤ በማግስቱ ከሥሩ ሁለት ተጨመረበት። በወሩ መጨረሻ ከሁለት ገጽ በላይ ሞልቶ ነበር። ቀላል የሚመስሉ፣ ግን ማንም ቀጥ ብሎ የማይመልሳቸው ጥያቄዎች ነበሩ፦ ካኑላ (መድኃኒት ለመስጠት ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) በስንት ቀን ይቀየራል? ቁስል በየቀኑ መፈታት አለበት? የተኛ ታካሚ በየስንት ሰዓቱ ይገላበጥ? ከቀዶ ሕክምና በፊት በምላጭ የምንላጨው ለምንድን ነው?

ከእነዚህ መካከል የመጨረሻውን መረጥን። ስለ አመራረጡ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ኮሚቴዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነውና። የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ አዲስ በጀት የማይጠይቅ፣ በነርሶች እጅ ያለ፣ በሁለት ወይም በሦስት ወር ውስጥ ለውጡ የሚታይ መሆን አለበት። እኛም በተኛ ታካሚ ላይ ስለሚወጣ ቁስል ለመጀመር ጓጉተን ነበር፤ ከባድና አስፈላጊ ጉዳይ ነው። ግን ፍራሽ፣ የሰው ኃይል፣ የአመጋገብ ጉዳይ ሁሉ አብሮ ይመጣል። ኮሚቴው በመጀመሪያ ሥራው ከወደቀ ነርሶቹ ሁለተኛ አይመጡም። ምላጭ ግን በእያንዳንዳችን እጅ ያለ ነገር ነበር።

ልማዱ እንዲህ ነበር። ለነገ ቀዶ ሕክምና የተያዘ ታካሚ ካለ አስታማሚው ምሽት ላይ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ምላጭ ገዝቶ እንዲመጣ ይታዘዛል። ታካሚው ራሱ፣ ወይም አስታማሚው፣ ጊዜ ካለ ደግሞ ነርሷ ትላጨዋለች። መብራቱ ደብዛዛ ነው፤ ውሃው ቀዝቃዛ ነው። አንድ የገጠር አባት አስታውሳለሁ፣ ለኸርኒያ ቀዶ ሕክምና የመጡ። በራሳቸው እጅ ተላጭተው ጠዋት ሳያቸው ሆዳቸው የታችኛው ክፍል በትናንሽ ጭረቶች ተሞልቶ ነበር። ከቀናት በኋላ ቁስላቸው አመረቀዘ። ያመረቀዘው በምላጩ ምክንያት ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ቁስል በብዙ ምክንያት ያመረቅዛል። ነገር ግን ያንን ሆድ አልረሳሁትም፣ ደብተሩ ላይ ቀድሜ የጻፍኩትም ይህንኑ ጥያቄ ነበር።

ማስረጃውን ስንፈልግ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚለውን መመሪያ አደረግን። በቴሌግራም የሚዞር ምስል ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። መጀመሪያ የአገራችንን የኢንፌክሽን መከላከል መመሪያ፣ ቀጥሎ የዓለም ጤና ድርጅትን መመሪያዎች እናያለን፤ እነዚህ በነፃ ይገኛሉ። ከዚያ የኮክሬን ግምገማዎች አሉ፤ ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው የሚመዝኑ ናቸው፣ በቀላል ቋንቋ የተጻፈው ማጠቃለያቸው ለማንም ክፍት ነው። ሙሉ ጽሑፍ ሲያስፈልግ ሂናሪ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ከታላላቅ አሳታሚዎች ጋር የጀመረው መርሐ ግብር ሲሆን፣ እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ለሚገኙ ተቋማት የሕክምና መጽሔቶችን ይከፍታል። የእኛ ሆስፒታል የመግቢያ ቃሉን አንድ የመዝገብ ሠራተኛ ብቻ ያውቀው ነበር፤ እናንተም የራሳችሁ ተቋም ዘንድ ጠይቁ፣ በአቅራቢያችሁ ባለ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትም ልታገኙት ትችላላችሁ።

የምላጩ መልስ ግልጽ ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የቀዶ ሕክምና ቁስል ኢንፌክሽን መከላከያ መመሪያ ፀጉር ጨርሶ ባይነሣ፣ ማንሣቱ የግድ ከሆነ ደግሞ በፀጉር መቁረጫ ማሽን ብቻ እንዲነሣ ይመክራል። በምላጭ መላጨትን፣ በዋርድም ሆነ በቀዶ ሕክምና ክፍል፣ አጥብቆ ይቃወማል። ምክንያቱም ምላጭ ዓይን የማያያቸውን ጭረቶች በቆዳ ላይ ይተዋል፣ በእነዚያ ጭረቶች ውስጥ ተሕዋስያን ይራባሉ።

መመሪያውን ጮክ ብላ ያነበበችው ከተመረቀች ሁለት ዓመት ያልሞላት ነርስ ናት። እንግሊዝኛውን አንድ ዓረፍተ ነገር ታነባለች፣ ከዚያ በአማርኛ እንወያያለን። ይህን ልማድ አጥብቃችሁ ያዙት። ስብሰባው በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ የሚናገሩት ሁለት ሰዎች ይሆናሉ፤ ሌሎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሰዓት ይቆጥራሉ። በአማርኛ ሲሆን ግን ያን ቀን በዝምታ የሚታወቀው ባለ ዲፕሎማው ባልደረባችን እጁን አውጥቶ «ታዲያ ቶንዶሱን ከማን እናመጣለን? አንዱን ለሁሉ ከተጠቀምንበትስ ራሱ ኢንፌክሽን አያስተላልፍም?» ብሎ ጠየቀ። መመሪያውን ያነበበ ሁሉ ያላሰበው ጥያቄ ነበር። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ የቀዶ ሐኪሙ ካላዘዘ በቀር ፀጉር አይነሣም፤ ካዘዘ በማሽን ይነሣል፣ የማሽኑ ጭንቅላት በየታካሚው መካከል በተጻፈው ደንብ ይጸዳል፣ ደንቡንም የኢንፌክሽን መከላከል ክፍሉ ያጸድቃል። ምላጭ ግዙ ብሎ አስታማሚ መላክ ቀረ።

ጥያቄን ወደሚፈለግ መልክ ማምጣትንም ለማስተማር አትፍሩ፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። በሙያው «ፒኮ» ይሉታል፤ እኛ ሰሌዳ ላይ አራት ጥያቄ አድርገን ጻፍነው፦ ታካሚዬ ማን ነው? ምን ላድርግለት? ከምን ጋር ላነጻጽረው? ምን እንዲገኝ እፈልጋለሁ? ይህን የተማረች ነርስ «ስለ ካኑላ ፈልጉልኝ» ማለቷን ትታ «በአዋቂ ታካሚ ላይ ካኑላን በየ3 ቀኑ መቀየር፣ ምልክት ሲታይ ብቻ ከመቀየር ጋር ሲነጻጸር የደም ሥር መቆጣትን ይቀንሳል ወይ?» ብላ መጻፍ ትጀምራለች።

እንግዲህ ስለ ሰዓት። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ሰዓት ሳይሰጡ ነርሶችን መጋበዝ ግን የሚጎዳ ልግስና ነው ብዬ በግልጽ እናገራለሁ። በአሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ የምትሠራ አብሮ አደጌ አለች። በእነሱ ሆስፒታል ነርሶች በየወሩ ስለ አሠራራቸው የሚመክሩበት ጉባኤ አላቸው። ምን እንደሚስባቸው ስጠይቃት ስለ ጉባኤው ይዘት ትነግረኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን «ሰዓቱ የሥራ ሰዓት ሆኖ ይያዝልናል፣ አልጋዎቻችንን የሚይዝልን ሰው ይመደባል» አለችኝ። በዚያ አገር የዚህ ነገር ታሪክ ሩቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት ነርሶችን መሳብና ማቆየት የቻሉ 41 ሆስፒታሎችን መርምሮ ነርሶች ስለ ራሳቸው ሥራ የመወሰን ድምፅ እንዳላቸው አገኘ፤ «ማግኔት» የሚባለው የሆስፒታሎች እውቅና የተወለደው ከዚያ ነው።

እኛ ተተኪ ነርስ የመቅጠር አቅም የለንም። ያደረግነው ይህን ነው፦ ስብሰባውን በወር አንድ ጊዜ፣ ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት አደረግነው። የጠዋቱ ዙር ያለቀበት፣ የቀትር መድኃኒት የተሰጠበት፣ የማታ ርክክብ ያልደረሰበት ሰዓት ነው። የተሰብሳቢዋ ስም በተረኝነት ፕሮግራሙ ላይ እንደ ማንኛውም ምደባ ይጻፋል፤ «ኮሚቴ» ተብሎ በእስክሪብቶ ጠርዝ ላይ የሚጨመር ነገር አይደለም። በዚያ ሰዓት የዋርድ ኃላፊዋ፣ ማለትም እኔ፣ የሄደችውን ነርስ አልጋዎች ተረክቤ እይዛለሁ። የመድኃኒት ሰዓት ከደረሰ እኔ እሰጣለሁ። ይህን ከማንም በፊት ማድረግ ያለባችሁ እናንተ ኃላፊዎች ናችሁ። ነርሶቹ ኃላፊያቸው ጓንት አጥልቃ አልጋቸው አጠገብ ስትቆም ሲያዩ ነገሩ የምር እንደሆነ ያምናሉ። የሰዓቱ ገደብም ይከበር፤ 9 ሰዓት ሲሆን ያላለቀው ለሚቀጥለው ይተላለፋል።

የሌሊት ተረኞች ደግሞ የራሳቸው መንገድ ያስፈልጋቸዋል። አድሮ የወጣን ሰው ለስብሰባ ማስቀረት ተገቢ አይደለም፤ ለታካሚም አደጋ ነው፣ ወደ ቤቱ ለሚነዳው ወይም ታክሲ ውስጥ ለሚያንቀላፋውም አደጋ ነው። ስለዚህ ለእነሱ ጉዳዩን አንድ ገጽ አድርገን ደብተሩ ውስጥ እንለጥፋለን፤ አስተያየታቸውን ሌሊት ዋርዱ ሲረጋጋ ይጽፋሉ፣ በስብሰባው መጀመሪያ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነበበው የእነሱ ጽሑፍ ነው። በየሦስት ወሩ ደግሞ ፕሮግራሙ ሲዘጋጅ ቢያንስ አንዲት የሌሊት ተረኛ በዚያ ረቡዕ የቀን ተራ ላይ እንድትሆን እናደርጋለን።

ለምን ይህን ያህል እንደምደክምላቸው ከካኑላው ታሪክ ትረዳላችሁ። ሁለተኛው ጥያቄያችን እሱ ነበር። ማስረጃው ጠንካራ ነበር፦ በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ በሦስት ሆስፒታሎች 3,283 ታካሚዎችን ያካተተ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በላንሴት መጽሔት የታተመ ጥናት አለ። በአንደኛው ቡድን ካኑላው በየ3 ቀኑ ተቀየረ፣ በሌላው የሕመም ወይም የመቆጣት ምልክት ሲታይ ብቻ። የደም ሥር መቆጣት በሁለቱም ቡድን 7 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ደህና የሆነን ካኑላ ነቅሎ ሌላ መውጋት የሚያስገኘው ጥቅም የለም፤ ካኑላ ከውጭ ፋርማሲ በራሱ ገንዘብ ለሚገዛ ታካሚ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁላችንም ደስ ብሎን «ምልክት ሲታይ ብቻ» የሚለውን ለመጻፍ ተነሣን።

ያን ጊዜ የአንዲት የሌሊት ተረኛ ጽሑፍ ተነበበ። «ሌሊት ለዋርዱ በሙሉ ሁለት ነርሶች ነን። መብራት ሲጠፋ በስልክ ብርሃን ነው የምንሠራው። ካኑላው በነጭ ፕላስተር ዙሪያውን ተጠቅልሎ የቆዳውን ቀለም አላይም። ምልክቱን የሚያይ ከሌለ ‹ምልክት ሲታይ› ማለት ምን ማለት ነው?» ይላል። ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ልክ ነበረች። ጥናቱን ብዙዎቻችን አንብበነዋል፣ ሌሊቱን የምታውቀው ግን እሷ ናት። ደንባችን ተቀየረ፦ ካኑላው የገባበት ቀንና ሰዓት በፕላስተሩ ላይ ይጻፋል፤ የተወጋበት ቦታ ሳይሸፈን እንዲታይ ሆኖ ይለጠፋል፤ በእያንዳንዱ ርክክብ ላይ አስረካቢና ተረካቢ አብረው አይተው ይፈርማሉ፤ ታካሚውና አስታማሚው «ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ካመመ ንገሩን» ተብለው በቋንቋቸው ይነገራቸዋል። ይህ ሁሉ ሲሟላ ነው በየ3 ቀኑ መቀየሩ የሚቀረው። ነርሶችን ወደ ኮሚቴው ለማምጣት የሚጠይቀኝ ሰው ሲኖር ይህን የሌሊት ተረኛዋን ወረቀት ነው የማሳየው። በፕላስቲክ አስጠርዤ አስቀምጬዋለሁ።

በስብሰባው ላይ የመናገር ቅደም ተከተልንም አስቡበት። በእኛ ደንብ ከደብተሩ ንባብ ቀጥሎ በአገልግሎት ታናሽ የሆነው መጀመሪያ ይናገራል፣ የዋርድ ኃላፊዎች መጨረሻ ላይ። ሐኪሞችን የጋበዝናቸው ከሦስተኛው ስብሰባ ጀምሮ ነው። በሐኪሞች ላይ ቅሬታ ስላለኝ አይደለም፤ የምላጩን ልማድ ለማስቀረት ከሁሉ በላይ የረዱን የቀዶ ሐኪሞቻችን ናቸው። ነርሶቹ ግን በመጀመሪያ የራሳቸውን ድምፅ መስማት ነበረባቸው።

የልኬቱን ነገር ቀለል አድርጉት። ለውጥ ከማምጣታችሁ በፊት የ20 ተከታታይ ታካሚዎችን ካርድ ተመልከቱና ስንቱ በምላጭ እንደተላጨ ቁጠሩ፤ ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ሌሎች 20 ቁጠሩ። «ኢንፌክሽን ቀነሰ» ብላችሁ ለመናገር አትቸኩሉ፤ ይህን በሚያህል ትንሽ ቁጥር ያንን ማወቅ አይቻልም፣ ሐሰት ተናግራችሁ ስትያዙ ደግሞ ኮሚቴው አመኔታ ያጣል። አሠራራችሁ መቀየሩን ለኩ፤ የቁስሉን ክትትል የኢንፌክሽን መከላከል ክፍሉ በረጅም ጊዜ ይይዘዋል። ቆጠራውን ጥያቄውን ላነሣችው ዋርድ ነርሶች ስጡ። የቆጠሩት ቁጥር የራሳቸው ይሆናል፣ ማንም ከላይ ያወረደባቸው አይሆንም።

መልሱ ወደ ደብተሩ መመለሱን ፈጽሞ አትርሱ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ፣ ያልተመረጠውን ጨምሮ፣ በቀይ ስክሪብቶ ምላሽ ይጻፍ፦ «ይህ ተመርጧል»፣ «ይህ ለፋርማሲ ተመርቷል»፣ «ለዚህ ማስረጃ አላገኘንም፤ እስካሁን ያየነው ይህን ነው»። ምላሽ የማያገኝ ደብተር እንደነዚያ መጠይቆች ይሆናል። አንድ ወር ሥራ በዝቶብን ሳንመልስ ቀርተን በቀጣዩ ወር የገቡት ጥያቄዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ የምሬን ደነገጥኩ።

ከአስተዳደሩ ጋር ያለውን ነገር ባጭሩ ልበል። አዲስ መዋቅር አትፍጠሩ። ሆስፒታሎቻችን የጥራት ክፍልና የኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የሆስፒታሎች አገልግሎት ማሻሻያ መመሪያም የነርሲንግ አገልግሎትን ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ኮሚቴያችሁን በጥራት ክፍሉ ሥር አስገቡትና ሪፖርቱ በዚያው ይሂድ፣ ሜትሮኗ ሰብሳቢ ትሁን። የሙያ ፈቃድ ለማደስ የተከታታይ ሙያዊ ማጎልበቻ ነጥብ ስለሚጠየቅ፣ እውቅና ካለው ሥልጠና ሰጪ ጋር ተነጋግራችሁ የማስረጃ ንባብ ሥልጠናው እንዲቆጠርላቸው ጣሩ። ሥራ አስኪያጁ በሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ የኮሚቴ ተሳትፎ እንዲካተት ከፈቀደ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። በእኛ ዘንድ ይህ የተፈቀደው የምላጩ ቆጠራ በማኔጅመንት ስብሰባ ላይ ከቀረበ በኋላ ነው። ያቀረበችው እኔ አይደለሁም፤ መመሪያውን ጮክ ብላ ያነበበችው ወጣት ነርስ ናት። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ቁጥሮቿን ግን አንድም አልሳተችም።

የአባላት ጊዜም ገደብ ይኑረው። አንድ ዓመት አገልግሎ መውጣት፣ ከመውጣት በፊት ደግሞ ከራስ ዋርድ አንድ ሰው ይዞ መምጣት። ዘላቂ አባል የሆነ ሰው ሳያውቀው ኮሚቴውን የግሉ ያደርገዋል፤ ሌሎቹም «የእነ እገሌ ነገር» ይሉታል። ማስረጃን ወደ ሥራ የማምጣት ቅደም ተከተልን የሚያሳየውና በሙያው የሚታወቀው የአዮዋ ሞዴል፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውና በኋላ የተሻሻለው፣ ሥራውን ሁሉ የሚጀምረው በሥራ ላይ ከሚያጋጥም ችግር ወይም ከአዲስ እውቀት ነው። ታካሚውን በየቀኑ የሚያዩ አዳዲስ ዓይኖች ካልገቡ ያ መነሻ ይደርቃል።

በዚህ ወር በደብተሩ ላይ አንድ ሙሉ ገጽ የያዘ ጥያቄ ተጽፏል። አንዲት እናት ለቀዶ ሕክምና «ከማታ ጀምሮ አትብሉ፣ አትጠጡ» ተብለው አደሩ፤ በማግስቱ መብራትና ሌላ አስቸኳይ ታካሚ ተደራርበው ተራቸው እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ተራዘመ። ከንፈራቸው ደርቆ፣ «ልጄ፣ አንድ ጉንጭ ውሃ» እያሉ ለምነዋት ነርሷ መከልከሏን ጽፋለች። «መከልከሌ ትክክል ነበር?» ብላ ጠይቃለች። ያገኘነው የአሜሪካ የአኔስቴዥያ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ፣ ሌላ ችግር ለሌለባቸውና በቀጠሮ ለሚሠራላቸው ታካሚዎች፣ እንደ ውሃ ያለ ጥርት ያለ ፈሳሽን ከማደንዘዣው 2 ሰዓት በፊት ድረስ፣ ቀለል ያለ ምግብን ደግሞ 6 ሰዓት በፊት ድረስ ይፈቅዳል። ይህ ጉዳይ በነርሶች እጅ ብቻ ያለ አይደለም፤ የቀዶ ሕክምናው ዝርዝር በስንት ሰዓት እንደሚታወቅ፣ ማን ለዋርድ እንደሚደውል ሁሉ መታየት አለበት። ስለዚህ ለፊታችን ረቡዕ ሁለት የማደንዘዣ ባለሙያዎችና የቀዶ ሕክምና ክፍል አስተባባሪዋ ተጋብዘዋል። ጥያቄውን የጻፈችው ነርስ ማን እንደሆነች አላውቅም ነበር፤ ትናንት ርክክብ ላይ ቀረብ ብላ «ሲስተር፣ የረቡዕ ፕሮግራም ላይ ስሜን ጻፊልኝ፤ ራሴ ላነብበው እፈልጋለሁ» አለችኝ። ጽፌላታለሁ። አልጋዎቿን ከ12 እስከ 17 ያሉትን እኔ እይዛለሁ።